ሴሎቹ የታጠቡበት ልብ፣ ስቴም ሴልና የአባትህ ጉልበት

የመጣልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። የእንስሳ የአካል ክፍል ወስደው ሴሎቹን በሙሉ አጥበው ያስወጡና፣ በቀረው ስካፎልድ (ባዶ መዋቅር) ላይ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊቀየር የሚችል ሴል) ሲዘሩበት ሴሎቹ ራሳቸው ምን መሆን እንዳለባቸው ያውቃሉ የሚል ነገር አነበብኩ። እውነት ነው? እንዴት ያውቃሉ? ሌላው ደግሞ፣ አባቴ የጉልበታቸው ካርቲሌጅ (የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልሙጥ ነገር) አልቋል ተብለው አንድ ክሊኒክ ስቴም ሴል ከተፈጥሮ ስካፎልድ ጋር እንወጋዎታለን ብሏቸዋል። ብዙ ገንዘብ ነው። ይክፈሉ?»

ከገንዘቡ ልጀምር፣ እሱ ጊዜ አይሰጥም። አሁን አይክፈሉ። ለምን እንደምል ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ፤ ነገር ግን ምክንያቱ በደንብ የሚገባህ የመጀመሪያውን ጥያቄህን ካየን በኋላ ስለሆነ ትንሽ ታገሰኝ።

ሴሎቹ «ያውቃሉ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። እኔም ወደዚህ ሙያ የተሳብኩት በዚያ ግማሽ ነው። ችግሩ፣ ሌላኛው ግማሽ ሳይነገር ሲቀር ሰው ኪሱ ይራቆታል፣ አንዳንዴም ጤናው።

ሰውነታችን ውስጥ አብዛኞቹ ሴሎች እንዲሁ ተንሳፍፈው አይኖሩም። ራሳቸው በሠሩት መረብ ተይዘው ነው የሚኖሩት። የመረቡ ዋናው ክር ኮላጅን ነው። የሚለጠጠው ኢላስቲን አለ፣ ሴሎች የሚጣበቁባቸው ላሚኒንና ፋይብሮኔክቲን አሉ፣ ውሃ የሚይዙ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶችም አሉ። ሙሉ ስሙ ኤክስትራሴሉላር ማትሪክስ ነው፤ ከዚህ በኋላ ማትሪክስ ብቻ እለዋለሁ። ለረጅም ጊዜ ክፍተት ከመሙላትና ቅርጽ ከመያዝ ያለፈ ሥራ ያለው አይመስልም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1965 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ማርሻል ዩሪስት የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም አንድ ሙከራ አሳተመ። አጥንት ወስዶ ማዕድኑን በአሲድ አሟሟ። የቀረውን ለስላሳ ነገር አጥንት በጭራሽ በማይበቅልበት ቦታ፣ በእንስሳት ጡንቻ ውስጥ ቀበረው። ከሳምንታት በኋላ ጡንቻው መሃል አዲስ አጥንት ተሠርቶ ተገኘ። ልብ በል፣ የተቀበረው ነገር ውስጥ ሕያው ሴል የለም። አጥንቱን የሠሩት የእንስሳው የራሱ ሴሎች ናቸው፤ ወደ ቦታው መጥተው፣ ከማትሪክሱ መልእክት ተቀብለው፣ የጡንቻን ሰፈር ትተው አጥንት ሠሩ። መልእክቱን የያዙት ፕሮቲኖች ኋላ ላይ ተለይተው ቢኤምፒ የሚል ስም አገኙ። ማዕድኑ የወጣለት አጥንት ዛሬም በአጥንትና በጥርስ ቀዶ ሕክምና በየቀኑ ይሠራበታል። ለእኔ የዚህ ሙያ መነሻ ያ ሙከራ ነው።

እንግዲህ ማትሪክሱ ለሴል የሚነግረው በምንድን ነው? አንዱ በኬሚካል ነው፣ አሁን ያየነው ዓይነት። የእድገት ፕሮቲኖች በስኳር ሰንሰለቶቹ ላይ ተይዘው ይቀመጣሉ፣ መረቡ ሲፈርስ ይለቀቃሉ። ሌላው በመያዣ ነው። ሴል በላዩ ላይ ኢንቴግሪን የሚባሉ እጆች አሉት፣ እነሱም የሚይዙትን ይመርጣሉ፤ ላሚኒን ላይ የተያዘ ሴልና ኮላጅን ላይ የተያዘ ሴል አንድ ዓይነት ምልክት አይደርሳቸውም።

ሦስተኛው ግን ተማሪ ሆኜ ሳነበው ያስደነቀኝ ነው፣ አሁንም ያስደንቀኛል። ጥንካሬ ነው። በ2006 አዳም ኤንግለርና ዴኒስ ዲሸር ከባልደረቦቻቸው ጋር ከመቅኒ የተገኙ ስቴም ሴሎችን በጄል ላይ አሳደጉ። ጄሎቹ ሁሉ በኮላጅን የተቀቡ ናቸው፤ ሴሎቹ የሚመገቡትም ያው ነው። የሚለያዩት በልስላሴ ብቻ ነው። እንደ አንጎል በጣም ለስላሳ በሆነው፣ 1 ኪሎፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) እና ከዚያ በታች በሆነው ጄል ላይ ያሉት የነርቭ ሴል መልክ እየያዙ ሄዱ። 10 ኪሎፓስካል አካባቢ ባለው፣ ማለትም በጡንቻ ጥንካሬ ላይ ያሉት የጡንቻ ጂኖችን ከፈቱ። ከ25 እስከ 40 ባለው ጠንከር ያለ ጄል ላይ ያሉት ወደ አጥንት አዘነበሉ። ሴሉ ጥንካሬን የሚለካው በመጎተት ነው። የረገጠውን ይይዛል፣ በውስጡ ባሉት ክሮች ይስባል። መሬቱ ከተሳበለት ለስላሳ ነው፤ እምቢ ካለው ውጥረቱ ወደ ውስጥ ይገባና ጂኖቹ እስከሚቀመጡበት እምብርት፣ እስከ ኒውክለሱ ይደርሳል። ያፕ እና ታዝ የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ውጥረት ሲበዛ ኒውክለስ ውስጥ ገብተው ጂኖችን እንደሚቀሰቅሱ በ2011 ታየ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ያዝልኝ። «የነርቭ መልክ ያዙ» ማለት ነርቭ ሆኑ ማለት አይደለም። የመጀመሪያ ምልክቶችን አሳዩ ማለት ነው። ይህን ልዩነት እየዘለሉ የሚጽፉ ሰዎች ናቸው «ሴሉ ራሱ ያውቃል» የሚለውን ወሬ ያገነኑት።

አሁን ወደ እጥበቱ። ቀላሉን ላሳይህ። የአሳማ ትንሹ አንጀት ይወሰዳል፣ ይታጠባል፣ ይገለበጣል። ውስጠኛው ለስላሳ ሽፋን በእጅ ተፍቆ ይነሳል። ውጭኛው የጡንቻ ሽፋንም እንዲሁ። በመሃል የሚቀረው ወደ 0.1 ሚሊሜትር የሚሆን ስስ ነገር ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲነኩት እንደ እርጥብ ወረቀት ይመስላል ግን ብትጎትተው በቀላሉ አይቀደድም። በቀጭን የፐርአሴቲክ አሲድ ውህድ ይታጠባል፣ የቀሩት ሴሎች ይፈነዳሉ፣ ጀርሞችም ይሞታሉ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃና በጨው ውህድ ደጋግሞ ይለቀለቃል። ስቲቨን ባዲላክና ባልደረቦቹ ይህን ሽፋን በ1980ዎቹ መጨረሻ በውሻ ላይ የትልቁ ደም ቧንቧ መተኪያ አድርገው ሞከሩት። ሰውነቱ አልተፋውም። እየፈታ፣ በራሱ ሥጋ ተካው። ዛሬ የዚህ ዓይነት ሽፋን ለቁስል፣ ለሆድ ግድግዳ ጥገናና ለሌላም ይውላል።

ወፍራም የአካል ክፍል ግን በመፋቅ አይሆንም። ስለዚህ በራሱ የደም ሥር በኩል ነው የሚታጠበው። ሳሙና ነክ ኬሚካል፣ ብዙ ጊዜ ኤስዲኤስ የሚባለው፣ በዋናው የደም ሥር ይለቀቃል። የአይጥ ልብ ላይ ይህ ሲሠራ ማየት አለብህ። ቀዩ ቀለም ከላይ ጀምሮ እየገረጣ ይሄዳል፣ ከሰዓታት በኋላ ሙሉ በሙሉ ነጣ ያለና በውስጡ የሚያሳይ ልብ ይቀራል። ቅርጹ አልተነካም። ክፍሎቹ፣ ቫልቮቹ፣ የደም ሥሮቹ መንገድ ሁሉ በቦታው ነው። በ2008 ሃራልድ ኦትና ዶሪስ ቴይለር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ባጠቡት የአይጥ ልብ ላይ አዲስ ሴሎች ዘሩ። በ8ኛው ቀን ልቡ በኤሌክትሪክ እየታገዘ መጭመቅ ጀመረ። ዓለም ጉድ አለ።

አንተ ያነበብከው ወሬ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ ያልተነገረህን ልንገርህ። አንደኛ፣ ያ ልብ የነበረው አቅም ከአዋቂ አይጥ ልብ 2 በመቶ ገደማ ነው። ሁለተኛና ዋናው፣ የተዘሩት ስቴም ሴሎች አልነበሩም። አዲስ ከተወለዱ አይጦች የተወሰዱ፣ ቀድሞውንም የልብ የሆኑ ሴሎች ናቸው። ማንም ምን መሆን እንዳለባቸው አላስተማራቸውም፤ ሆነው ነው የመጡት። ከዚያ በኋላ ከሰው ስቴም ሴል የተሠሩ ሙከራዎች መጥተዋል፣ በታጠበ የሰው ልብ ላይ ሳይቀር። እነሱም ቢሆኑ ሴሎቹ መጀመሪያ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ፣ ቀንና መጠን በተቆጠረላቸው ኬሚካሎች ወደ ልብ ሴል ይቀየራሉ። ስካፎልዱ ላይ የሚወጡት ከዚያ በኋላ ነው። የስካፎልዱ ሥራ ቦታ ማስያዝ፣ አሰላለፍ ማስተካከልና ማብሰል ነው። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፣ አላንኳስሰውም። ግን ጥሬ ስቴም ሴል የታጠበ ልብ ላይ ብታፈስበት ልብ አታገኝም።

ሳንባም በ2010 ተሞክሯል። የታጠበ የአይጥ ሳንባ ላይ ሴል ዘርተው መልሰው አይጥ ውስጥ ተከሉት፣ ኦክስጅንም አስተላለፈ። ለሰዓታት ብቻ። ለምን አይቆይም? ትልቁ ምክንያት የደም ሥሮቹ ናቸው። የታጠበ የደም ሥር ውስጡ ራቁቱን የቀረ ኮላጅን ነው፣ ደም ደግሞ ራቁቱን የሆነ ኮላጅን ሲያገኝ ይረጋል። ውስጡን የሚሸፍኑት ሴሎች ከትልቁ ሥር እስከ መጨረሻዋ ቀጭን ሥር ድረስ ያለ ክፍተት መሸፈን አለባቸው፣ ይህን እስካሁን በትልቅ የአካል ክፍል ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ ማድረግ አልተቻለም። ኦክስጅን ደግሞ በሥጋ ውስጥ ከደም ሥር ርቆ የሚሄደው ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከዚያ የራቀ ሴል ይሞታል። ስስ ነገር የሚሳካውና ወፍራም ነገር የሚከሽፈው በዚህ ምክንያት ነው፣ ሌሎቹ ምክንያቶች ሁሉ ከዚህ ያነሱ ናቸው።

እጥበቱም ራሱ ሁለት አፍ ያለው ቢላ ነው። ካበረታኸው የስኳር ሰንሰለቶቹና የእድገት ፕሮቲኖቹ አብረው ይታጠባሉ፤ ቅርጹ አለ፣ መልእክቱ ጠፍቷል። ካሳነስከው የባዕድ ሴል ቅሪት ይቀርና ሰውነት ይቆጣል። ለዚህ ነው መለኪያ የወጣው። በአንድ ሚሊግራም ደረቅ ማትሪክስ ከ50 ናኖግራም ያልበለጠ ዲኤንኤ፣ የቀረውም ቁርጥራጭ ከ200 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ያጠረ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይም ምንም ኒውክለስ የማይታይበት። ይህ ወግ አይደለም። በ2003 የወጣ አንድ የሕክምና ሪፖርት አለ፣ ማንበብ ይከብዳል። ሴሎቹ ታጥበዋል የተባለ የአሳማ የልብ ቫልቭ ለአራት ልጆች ተተከለ። ሦስቱ ሞቱ። ቫልቮቹ ሲመረመሩ ብርቱ መቆጣት ታየባቸው፣ ከመትከሉ በፊት የነበሩት ናሙናዎች ላይም ያልታጠበ የሴል ቅሪት ተገኘ። በእንስሳት ላይ ጥሩ መስሎ የታየ ነገር ነበር።

ታዲያ ዛሬ በሰው ላይ የሚሠራው ምንድን ነው? እዚህ ነው አብዛኛው ሰው የሚገረመው። በብዛት የሚሠራው ባዶው ስካፎልድ ነው። ሴል ሳይጨመርበት። የታጠበ የሰው ቆዳ ለተቃጠለ ሰው ከ1990ዎቹ ጀምሮ አለ። የእንግዴ ልጅ ስስ ሽፋን ለዓይን ይውላል። በ2016 ባዲላክና ባልደረቦቹ በአደጋ ብዙ ጡንቻ ያጡ 13 ሰዎች ላይ ባዶ ስካፎልድ ተክለው ያገኙትን አሳተሙ፤ ጥንካሬና እንቅስቃሴ ላይ መሻሻል አግኝተዋል። ሴሎቹ ከየት መጡ? ከታካሚው። መጀመሪያ የሚደርሱት ማክሮፌጅ የሚባሉት የሰውነት መከላከያ ሴሎች ናቸው። ስካፎልዱን ይቆራርጡታል፣ ቁርጥራጮቹ ደግሞ ራሳቸው ምልክት ይሆኑና ማክሮፌጆቹን ከተዋጊነት ወደ ጠጋኝነት ያዞሯቸዋል፣ የአካባቢውንም ስቴም ሴል ይጠራሉ። ስካፎልዱ በ3 ወር ገደማ አብዛኛው ይጠፋል። መጥፋቱ ጉድለት አይደለም፣ ሥራው ነው። ለዚህ ነው ግሉታራልዴሃይድ በሚባል ኬሚካል የተቆለፈ ማትሪክስ፣ እንደ ተለመደው የእንስሳ ቫልቭ ያለው፣ ከዚህ ጋር መምታታት የሌለበት፤ እሱ ሴል ሊፈታውና ሊያድሰው አይችልም። አንድ ነገር ልጨምር፤ እነዚያ የጡንቻ ታካሚዎች ቶሎ ፊዚዮቴራፒ እንዲጀምሩ ተደርጓል። ምክንያቱ ቅድም ያልኩህ መጎተት ነው። ካልተጎተተ ጡንቻ ሁን የሚለው መልእክት አይደርስም፣ ጠባሳ ይሆናል።

ስቴም ሴልና የተፈጥሮ ስካፎልድ አብረው የሠሩበት ቦታ ከጠየቅከኝ ዓይንን ነው የምጠራልህ። ዓይናቸው በኬሚካል ወይም በእሳት የተጎዳ ሰዎች የብሌናቸውን ገጽ የሚያድሱ ስቴም ሴሎች ያልቁባቸዋል። ከደህናው ዓይን ዳር ከ1 እስከ 2 ስኩዌር ሚሊሜትር የምታክል ቁራጭ ይወሰዳል፣ ሴሎቹ ፋይብሪን ላይ ይበዛሉ፣ ያም ደም ሲረጋ የሚሠራው የራሳችን ፕሮቲን ነው፣ ከዚያ ይተከላል። ሆሎክላር በሚል ስም በ2015 በአውሮፓ ፈቃድ አገኘ። ለምን ተሳካ? ሴሉ በደንብ የታወቀ ነው፣ ሌላ ነገር እንዲሆን አልተጠየቀም፣ ንጣፉ ስስ ነው፣ የዓይን ብሌን ደግሞ የደም ሥር አያስፈልገውም። ሌላው ጥግ ላይ የመተንፈሻ ቧንቧው ታሪክ አለ። ፓኦሎ ማኪያሪኒ የተባለ ቀዶ ሐኪም በ2008 በታጠበ የለጋሽ ቧንቧ ጀምሮ በ2011 በስቶክሆልም ወደ ፕላስቲክ ቧንቧ ተሻገረ፣ ስቴም ሴል ስለተቀባ ይድናል ብሎ፣ በእንስሳ ላይ በወጉ ሳይሞከር። እዚያ የተከለላቸው ሦስቱም ሞቱ። በ2023 የስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ እስር ፈረደበት። ይህን የማነሳው ላስፈራራህ አይደለም። «ስቴም ሴል አለበት» የሚለው ቃል ብቻውን ምን ያህል ሰው እንዳሳመነ እንድታይ ነው።

አሁን የአባትህ ጉልበት።

ካርቲሌጅ የደም ሥር የለውም፣ ነርቭ የለውም፣ ሴሎቹም ጥቂት ናቸው። ስስ ስለሆነ ለስካፎልድ ይመቻል፣ ግን ራሱን የሚጠግንበት አቅም የለውም። ሐኪሞች የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ፤ ከካርቲሌጁ ሥር ያለውን አጥንት በትናንሽ ቀዳዳ ይበሱትና ደምና የመቅኒ ስቴም ሴል እንዲወጣ ያደርጋሉ። የረጋው ደም ወደ ካርቲሌጅ መሰል ነገር ይቀየራል፣ ግን እንደ መጀመሪያው ለስላሳና ጠንካራ አይሆንም። በላዩ ከአሳማ የተሠራ የኮላጅን ሽፋን ሲደረግበት የረጋው ደም በቦታው ይቆያል፣ ሴሎቹም መያዣ ያገኛሉ። እውነተኛው «ስቴም ሴል በተፈጥሮ ስካፎልድ» ይኸውልህ፤ በቀዶ ሕክምና እንጂ በመርፌ የሚሰጥ አይደለም። ማሲ የሚባለው ደግሞ በ2016 በአሜሪካ የተፈቀደ ሲሆን የታካሚው የራሱ የካርቲሌጅ ሴሎች በኮላጅን ሽፋን ላይ አድገው ይተከላሉ። ስቴም ሴል አይደሉም። ሁለቱም የታሰቡት ቀሪው መገጣጠሚያ ደህና ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ጉድጓድ ለተፈጠረበት ሰው ነው፣ ብዙ ጊዜ ወጣትና ስፖርተኛ።

አባትህ «ካርቲሌጁ አልቋል» ከተባሉ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ይህ ኦስቲዮአርትራይትስ የሚባለው የመገጣጠሚያ መበላት ይመስላል፣ እሱም የመገጣጠሚያው ሁሉ በሽታ ነው፤ አጥንቱም፣ የውስጥ ሽፋኑም፣ ሜኒስከሱም (በአጥንቶቹ መሃል ያለው ትራስ) አሉበት። በመርፌ የተወጋ ሴል ደግሞ መገጣጠሚያ ውስጥ አይቀመጥልህም፣ አብዛኛው በአጭር ጊዜ ውስጥ ይሞታል ወይም ይጠፋል። ቅርጽ ያለው ስካፎልድ በመርፌ ቀዳዳ አያልፍም፤ ስለዚህ «ስካፎልድ» የሚሉት ጄል መሆን አለበት፣ የምን ጄል እንደሆነ ደግሞ ሊነግሯችሁ ይገባል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይትስ የፈቀደው ምንም ዓይነት የስቴም ሴል ምርት የለም። አደጋውም የወሬ አይደለም፤ በ2018 በአሜሪካ ከእትብት ደም የተሠራ ምርት መገጣጠሚያቸው ወይም ጀርባቸው ላይ ከተወጉ በኋላ በባክቴሪያ ተበክለው ሆስፒታል የገቡ 12 ሰዎች ተመዝግበዋል።

ክሊኒኩ ሄዳችሁ እነዚህን ጠይቁ። ሴሎቹ የማን ናቸው፣ የአባትህ ወይስ የሌላ ሰው? ከመወጋታቸው በፊት ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይቆጠራል? ስካፎልዱ ከምን እንስሳ ነው፣ ማን አጠበው፣ በየትኛው ተቆጣጣሪ ተመዘገበ? (ከአሳማ መሆኑን ሳያውቁ ቀርተው ኋላ በእምነታቸው ምክንያት የሚያዝኑ ታካሚዎች አሉ፤ ቀድሞ የማወቅ መብታቸው ነው።) ምርምር ነው ካሉም የምርምሩን የምዝገባ ቁጥርና የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ ያሳዩ፤ ገና እየተሞከረ ላለ ነገር ታካሚውን ሙሉ ዋጋ ማስከፈል ደግሞ ብቻውን ሊያስጠረጥርህ ይገባል። በወረቀት የማይመልሱ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

እስከዚያው አባትህን የሚጠቅማቸው ነገር አለ፣ አሰልቺ ቢመስልም። የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ በፊዚዮቴራፒስት፣ ክብደት ካላቸው መቀነስ፣ ጉልበት ላይ የሚቀባ የሕመም ማስታገሻ፣ ሕመሙ እንቅልፍ መንሳት ከጀመረና መራመድ ካቃታቸው ደግሞ የመገጣጠሚያ መተካት ቀዶ ሕክምና። የመጨረሻው ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ ግን ለዓመታት ተከታትለን ውጤቱን የምናውቀው እሱ ነው።

ለራስህ ለትምህርትህ ደግሞ፣ ከዚህ ዘርፍ የምትጀምርበት ርካሽ ነገር ከፈለግክ እጽዋትን ተመልከት። በ2014 በኦታዋ ዩኒቨርሲቲ የታጠበ ፖም ላይ የአጥቢ እንስሳ ሴል አሳደጉ፤ በ2017 ደግሞ በዉስተር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በታጠበ የስፒናች ቅጠል ላይ ከሰው ስቴም ሴል የተገኙ የልብ ሴሎች ሲመቱ ታዩ፣ የቅጠሉ ሥሮችም ፈሳሽ አሳለፉ። የእጽዋት መረብ የተሠራበት ሴሉሎስ ኮላጅን ስላልሆነ ኢንቴግሪን በቀጥታ አይዘውም፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ እንደ ፋይብሮኔክቲን ባለ ፕሮቲን ይቀባል። ሰውነታችንም ሴሉሎስን የሚፈታ ኤንዛይም የለውም፤ ማክሮፌጅ ቆራርጦ መልእክት የሚያወጣበት መንገድ ስለሌለ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ይህ ለአጥንት ላይጎዳ ይችላል፣ ለጡንቻ ግን የማይሆን ይመስለኛል። ከአስተማሪህ ጋር ተነጋገሩበት።

የአባትህ የኤምአርአይ ውጤት ካለ ጉዳቱ አንድ ቦታ ላይ ነው ወይስ በመገጣጠሚያው ሁሉ ላይ ተሰራጭቷል የሚለውን መስመር፣ ከዕድሜያቸው ጋር፣ ስማቸውን ሳትጠቅስ ላክልኝ።